ገበያ ላይ ቁርጥ ዋጋ የሌለው ሀብት በፌር ቫልዩ እንዴት ይለካል? ደረጃ 2 ነው ወይስ 3?

መዝጊያ31

ሰላም ለሁላችሁ። ሂሳቡን በዲሴምበር 31 የሚዘጋ ድርጅት ሦስት ዓይነት የፋይናንስ ሀብት ይዟል። ሦስቱም በአይኤፍአርኤስ 13 (ስለ ፌር ቫልዩ ልኬት በወጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ስታንዳርድ) መሠረት በፌር ቫልዩ መለካት አለባቸው፤ ኦዲተሩ ግን ፋይሉን ሁለት ጊዜ መልሶታል።

የመጀመሪያው በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ 40,000 አክሲዮን ነው። በመዝጊያው ቀን ገዢ ያቀረበው ዋጋ 122፣ ሻጭ የጠየቀው 128 ነበር። በቀን በአማካይ የሚገበያየው 2,000 አክሲዮን ስለሆነ «ሁሉንም በአንዴ ብናወጣው ዋጋው ወደ 110 ይወርዳል፤ በ110 እንያዘው» የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

ሁለተኛው የአንድ ኩባንያ ቦንድ ነው። የተጻፈበት ዋጋ 1,000,000፣ ወለዱ 8% ሆኖ በዓመት አንዴ የሚከፈል፣ ለማብቂያው ልክ ሦስት ዓመት የቀረው። ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠው ከአምስት ወር በፊት በ985,000 ነው። የተያዘው ወለዱን ለመሰብሰብም፣ ሲያስፈልግ ለመሸጥም ስለሆነ የፌር ቫልዩ ለውጡ ወደ ኦሲአይ (ከትርፍና ኪሳራ ውጭ ወደሚታየው ሌላ ገቢ) ነው የሚሄደው።

ሦስተኛው ገበያ ላይ ያልተመዘገበ ኩባንያ 15% ድርሻ ነው። ከ14 ወር በፊት በ9 ሚሊዮን ተገዛ፤ እስካሁንም መዝገብ ላይ 9 ሚሊዮን እንደሆነ አለ። የኦዲተሩ አስተያየት፦ «የተገዛበት ዋጋ ዛሬም ፌር ቫልዩ ስለመሆኑ ማስረጃ አልቀረበም።»

ለእያንዳንዱ የትኛውን ዋጋ እንውሰድ? ደረጃቸውስ ስንት ነው? ማብራሪያው ላይ ምን ምን መግባት አለበት? ከነስሌቱ ብታሳዩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሚዛን

ከትርጉሙ ልነሳ፤ አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው እዚያ ነው። ፌር ቫልዩ ማለት በመለኪያው ቀን፣ በገበያ ተሳታፊዎች መካከል፣ ማንም ሳይገደድ በሚደረግ ግብይት ሀብቱ ቢሸጥ የሚያስገኘው ዋጋ ነው። የመውጫ ዋጋ ይባላል። ስንት ተገዛ የሚለው ወይም ድርጅቱ ለመሸጥ ማሰቡና አለማሰቡ ትርጉሙ ውስጥ ቦታ የለውም። አሜሪካኖቹ የሚሠሩበት ኤኤስሲ 820 (መነሻው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኤፍኤኤስ 157) የሚለውም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 የወጣውና ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት አይኤፍአርኤስ 13 ሲዘጋጅ ሁለቱ እንዲጣጣሙ ታስቦበታል። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ «ለእኛ ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «ሌላ ሰው ዛሬ ስንት ይከፍልበታል?» የሚል ነው።

አክሲዮኑን እንይ። 110 አይያዝም። ንቁ ገበያ ላይ ዋጋ ያለው አክሲዮን የሚለካው የአንዱ ዋጋ በብዛቱ ተባዝቶ ነው፤ የቀኑ ግብይት የያዛችሁትን ሁሉ መዋጥ ባይችልም እንኳ። ስታንዳርዱ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ምክንያቱም ብዛቱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ አክሲዮኑ ራሱ አልተለወጠም። 100 የያዘ ሰውና 40,000 የያዘ ድርጅት ለአንድ ዓይነት አክሲዮን ሁለት የተለያየ ፌር ቫልዩ ሊኖራቸው አይችልም።

ከ122 እና ከ128 መካከል ደግሞ መውጫ ዋጋውን ይበልጥ የሚወክለው ይወሰዳል። ለሀብት የገዢውን ዋጋ መውሰድ ይፈቀዳል፦ 40,000 × 122 = 4,880,000። አማካዩን መውሰድም ገበያው የለመደው አሠራር ከሆነ ይፈቀዳል፦ 40,000 × 125 = 5,000,000። የ120,000 ልዩነት አለ፤ ስለዚህ የትኛውን እንደምትከተሉ ፖሊሲ ላይ ጻፉትና በየዓመቱ አትቀያይሩት። አምና በ122፣ ዘንድሮ በ125 ከሆነ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የደላላ ኮሚሽን አይቀነስም። የግብይት ወጪ የሚታየው ዋና ገበያ ሳይኖር ሲቀር «የሚያዋጣው ገበያ የትኛው ነው?» የሚለውን ለመለየት ብቻ ነው፤ ገበያው ከተለየ በኋላ ዋጋው ላይ አይነካም።

ደረጃ 1 የሚባለው ለዚያው ሀብት ንቁ ገበያ ላይ ያለው ዋጋ ሳይነካ ሲወሰድ ነው፤ ደረጃ 2 ገበያ ላይ በሚታይ ሌላ ግብዓት፣ ደረጃ 3 ገበያ ላይ በማይታይ ጉልህ ግብዓት ሲለካ ነው። ደረጃ 1 እንዲሆን ግን ገበያው በእርግጥ ንቁ መሆን አለበት። በቀን 2,000 አክሲዮን ያለማቋረጥ የሚገበያይ ከሆነ አያጠራጥርም። በመጨረሻው ወር ግብይት የታየው በሦስት ወይም በአራት ቀን ብቻ ከሆነ፣ በገዢና በሻጭ መካከል ያለው ክፍተት ከዚህ በፊት ከነበረው እጅግ ከሰፋ፣ ወይም ደላሎች የሚሰጡት ዋጋ እርስ በርሱ የማይቀራረብ ከሆነ ቆም ብላችሁ መርምሩ። የመጨረሻው ግብይት ከመዝጊያው ቀን በፊት ሆኖ በመካከል ትልቅ ዜና ከወጣና ዋጋውን ካስተካከላችሁት፣ ያ የተስተካከለ ቁጥር ከደረጃ 1 ወጥቷል።

ወደ ቦንዱ ስንመጣ የ985,000 ሽያጭ ማስረጃ ነው፤ የዛሬ ዋጋ ግን አይደለም። በአምስት ወር ውስጥ የተንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ መግባት አለበት። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦

በመዝጊያው ቀን የሦስት ዓመት የመንግሥት ቦንድ ምርት (ገዢው በዓመት የሚያገኘው መቶኛ) 6.5% ነው እንበል። በብድር ደረጃ፣ በቀሪ ዕድሜና በገንዘብ ዓይነት ቦንዱን የሚመስሉ ሦስት የሚገበያዩ ቦንዶች ከመንግሥቱ በላይ የሚከፍሉት ስፕሬድ 3.2፣ 3.4 እና 3.9 ነጥብ ከሆነ አማካዩ 3.5 ነው። የወደፊቱን ክፍያ ወደ ዛሬ ዋጋ የምንመልስበት የቅናሽ ምጣኔ 6.5 + 3.5 = 10% ይሆናል።

1ኛ ዓመት፦ 80,000 ÷ 1.10 = 72,727
2ኛ ዓመት፦ 80,000 ÷ 1.21 = 66,116
3ኛ ዓመት፦ 1,080,000 ÷ 1.331 = 811,420
ድምር፦ 950,263

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ፍተሻ አለ። ይህንኑ ሞዴል ከአምስት ወር በፊት ወደነበረው ቀን መልሳችሁ፣ በዚያ ቀን በነበረው የመንግሥት ምርትና ስፕሬድ አስሉት። 985,000 አካባቢ ካመጣ ሞዴሉ ገበያውን ያውቃል ማለት ነው። 970,000 ካመጣ ግን ገዢዎች ለዚህ ቦንድ ከአቻዎቹ የተሻለ ዋጋ ይሰጡ ነበር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ 950,263 ብሎ መፈረም አይቻልም።

ደረጃውን የሚወስኑት ግብዓቶቹ ናቸው፤ የስሌቱ ውስብስብነት ከደረጃው ጋር አይገናኝም። ብዙ ቀመር ያለበት የወለድ ስዋፕ (የወለድ ልውውጥ ውል) ግብዓቱ ሁሉ ገበያ ላይ ከታየ ደረጃ 2 ነው፤ በአንድ ማባዣ የተሠራ ቀላል ስሌት ማባዣው ግምት ከሆነ ደረጃ 3 ነው። ቦንዱ በ3.5 ስፕሬድ ከተለካ ደረጃ 2 ነው። አሁን «ይህ ኩባንያ ከሦስቱ ደከም ያለ ነው» ብላችሁ ከራሳችሁ ግምት 1.5 ነጥብ ብትጨምሩ ምጣኔው 11.5%፣ ዋጋው 915,208 ይሆናል። ያ አንድ ግምት ብቻውን ቁጥሩን በ35,055 አወረደው፤ ወደ 3.7% ማለት ነው። ይህን ጉልህ ነው ካላችሁ ቦንዱ ሙሉ በሙሉ ደረጃ 3 ይሆናል፤ «ግማሹ 2፣ ግማሹ 3» የሚባል ነገር የለም። ከጉልህ ግብዓቶች መካከል ዝቅተኛው ደረጃ ሁሉን ይጎትታል። ስታንዳርዱ ጉልህ የሚባለውን በመቶኛ አልወሰነም፤ ስለዚህ መለኪያችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ።

ዋጋውን ከዋጋ አቅራቢ ድርጅት ካገኛችሁት ደግሞ የአቅራቢው ስም ደረጃ አይሰጥም። ከግብይት የመጣ ነው፣ ከደላላ ጥቆማ ወይስ ከሞዴል? ጥቆማውስ ሰጪውን የሚያስገድደው ነው ወይስ ለመረጃ ያህል? እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። ያለፉትን 30 ቀናት ዋጋ ደርድራችሁ እዩ፦ የመንግሥት ቦንድ ምርት ሲወጣና ሲወርድ የእናንተ ዋጋ ንቅንቅ ካላለ ያረጀ ዋጋ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የተጠራቀመ ወለድ ነው። የእናንተ ቦንድ ልክ ሦስት ዓመት ስለቀረው ዘንድሮ አይነካችሁም። ከወለድ ክፍያው አራት ወር ያለፈው ቢሆን ግን 1,000,000 × 8% × 4/12 = 26,667 የተጠራቀመ ወለድ ይኖራል። ወለዱ በ«ተሰብሳቢ ወለድ» መስመር ተመዝግቦ ሳለ ቦንዱን ወለድን ባካተተ ዋጋ ከያዛችሁት 26,667ቱን ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁት። የቀረበላችሁ ዋጋ ወለድን ያካተተ መሆን አለመሆኑን ሳታጣሩ አትመዝግቡ።

ቀመር

ሚዛን የጻፈው ይበቃል፤ እኔ ወደ 15% ድርሻው ልግባ። ይህ ነው ፋይሉን ያስመለሰው ብዬ እገምታለሁ።

በአይኤፍአርኤስ 9 (የፋይናንስ ሀብትን በሚመለከተው ስታንዳርድ) ያልተመዘገበ አክሲዮንም በፌር ቫልዩ ነው የሚለካው። የድሮው አይኤኤስ 39 «አስተማማኝ ልኬት የለም» በሚል በግዢ ዋጋ ማቆየትን ይፈቅድ ነበር፤ ያ በር ተዘግቷል። የተገዛበት ዋጋ ጥሩ ግምት ሊሆን የሚችልባቸው ውስን ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ ኩባንያው ከዕቅዱ ከራቀ ወይም የአቻዎቹ ዋጋ ከተለወጠ ምክንያቱ ይፈርሳል። 14 ወር ረጅም ጊዜ ነው።

ይሁንና 9 ሚሊዮኑን አትጣሉት፤ ያላችሁ ምርጥ ማስረጃ እሱ ነው። ግዢው ከማይዛመድ ወገን፣ ያለ ጫና፣ ከሌላ ውል ጋር ሳይታሰር የተደረገ ከሆነ ሞዴሉ በግዢው ቀን 9 ሚሊዮን እንዲያመጣ አድርጋችሁ ትሠሩታላችሁ። ካሊብሬሽን የሚባለው ይህ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ልውሰድ።

በግዢው ቀን 15% በ9 ሚሊዮን ከሆነ የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ በሙሉ 60 ሚሊዮን ነው። የተጣራ ዕዳው 24 ሚሊዮን ከነበረ የድርጅቱ ጠቅላላ ዋጋ 84 ሚሊዮን። ኢቢትዳው (ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለው ትርፍ) 12 ሚሊዮን ከነበረ ማባዣው፣ ማለትም ጠቅላላ ዋጋው የኢቢትዳው ስንት እጥፍ መሆኑ፣ 84 ÷ 12 = 7.0። በዚያው ቀን የተመዘገቡ አቻ ኩባንያዎች የመሐል ማባዣ (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለው) 8.75 ከነበረ የገዛችሁት ከእነሱ 20% ዝቅ ብሎ ነው። ይህ 20% ውስጥ ሁሉም አለ፦ ኩባንያው አነስ ማለቱም፣ አክሲዮኑ በቀላሉ አለመሸጡም።

ዛሬ የአምስቱ አቻዎች ማባዣ 6.9፣ 7.2፣ 7.5፣ 7.9 እና 13.0 ነው እንበል። አማካዩ 8.5 ነው፤ ግን 13.0ው ብቻውን ነው ወደ ላይ የጎተተው፤ ምናልባት ሊጠቀለል የተቃረበ ኩባንያ ነው፣ ምናልባት ኢቢትዳው ለአንድ ዓመት ወድቆበት ነው። መሐሉን 7.5 ውሰዱ፤ 13.0ው ለምን እንደወጣ መርምራችሁ ምክንያቱን ፋይሉ ውስጥ ጻፉ። ከዚያ፦

ማባዣ፦ 7.5 × (1 − 20%) = 6.0
ዘንድሮ ኢቢትዳ 13 ሚሊዮን፦ 6.0 × 13 = 78 ሚሊዮን
ሲቀነስ የተጣራ ዕዳ 21 ሚሊዮን፦ 57 ሚሊዮን
15%፦ 8.55 ሚሊዮን

ኪሳራው 0.45 ሚሊዮን ነው። ኩባንያው ትርፉን አሳድጎ፣ ዕዳውን ቀንሶም ዋጋው መውረዱ ሥራ አመራሩን ያስገርም ይሆናል፤ የአቻዎቹ ማባዣ ከ8.75 ወደ 7.5 መውረዱ ግን ከሁለቱም በልጧል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለቦርዱ ማስረዳት ከቻላችሁ ሞዴሉን ተረድታችሁታል።

አሁን በብዛት የሚበላሸውን ልንገራችሁ። 8.55 ካገኙ በኋላ «ያልተመዘገበ ነውና የመሸጥ ችግር ቅናሽ 20%» ብለው እንደገና የሚቀንሱ አሉ፤ 6.84 ሚሊዮን ይወጣል። ይህ 1.71 ሚሊዮን ከአየር የመጣ ኪሳራ ነው፤ ቅናሹ ማባዣው ውስጥ ገብቶ አልቋል። የቁጥጥር አለመኖር ቅናሽም እንደዚሁ ነው። ገበያ ላይ የሚታየው የአቻ አክሲዮን ዋጋ ራሱ ቁጥጥር የሌለው ባለአክሲዮን የሚከፍለው ስለሆነ፣ ከእሱ ላይ ለዚሁ ምክንያት ደግሞ መቀነስ ድርብ ነው።

ቅናሹን የት ላይ እንደምታሰሉት ለይታችሁ ያዙ። እኔ በድርጅቱ ጠቅላላ ዋጋ ላይ አድርጌዋለሁ። በባለአክሲዮኖች ድርሻ ላይ ብታደርጉት በግዢው ቀን 8.75 × 12 − 24 = 81 ሚሊዮን ይሆንና 60 ÷ 81 ከ25.9% ቅናሽ ጋር ይገጥማል፤ ዛሬ 7.5 × 13 − 21 = 76.5 ሚሊዮን፣ ከቅናሹ በኋላ 56.67፣ 15%ቱ 8.50 ሚሊዮን። 8.55 እና 8.50 ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው አምና በአንዱ፣ ዘንድሮ በሌላው መሥራት ነው፤ ወይም የአንዱን 20% ወስዶ በሌላው ላይ መጫን።

የሊዝ ጉዳይም አለ። አይኤፍአርኤስ 16 ከመጣ ወዲህ የኪራይ ወጪ ከኢቢትዳ በታች ወርዷል። ኢቢትዳው ኪራይ ያልተቀነሰበት ከሆነ የሊዝ ዕዳው የተጣራ ዕዳ ውስጥ መግባት አለበት፤ የአቻዎቹም ማባዣ በዚሁ መንገድ የተሠራ መሆን አለበት። አንዱን ወገን ብቻ ማስተካከል ዋጋውን ያለ ምክንያት ያዛባዋል።

ኩባንያው በቅርቡ ለአዲስ ባለሀብት አክሲዮን ከሸጠ ያንን ዋጋ ተመልከቱት፤ ነገር ግን የአክሲዮኑን ዓይነት አጣሩ። አዲሱ ገቢ ኩባንያው ሲፈርስ ገንዘቡን ቀድሞ የመውሰድ መብት ያለው ልዩ አክሲዮን ከገዛ፣ የእሱን ዋጋ በእናንተ ተራ አክሲዮን ብዛት ማባዛት ዋጋችሁን ከፍ ያደርገዋል።

የመጨረሻው፦ በግዢው ቀን ሞዴሉ 9.6 አምጥቶ የከፈላችሁት 9 ቢሆን ኖሮ 0.6ቱን የመጀመሪያ ቀን ትርፍ ብላችሁ ትመዘግቡ ነበር? አይቻልም። ልዩነቱ በደረጃ 1 ዋጋ ወይም ገበያ ላይ በሚታይ መረጃ ብቻ በተሠራ ስሌት ካልተደገፈ ይዘገያል፤ ወደ ትርፍ የሚገባው ገበያው በሚያየው ምክንያት፣ ጊዜን ጨምሮ፣ ለውጥ ሲመጣ ነው። ካሊብሬሽን የሚያድናችሁ ከዚህም ነው።

ዶሴ

ስሌቱ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ፋይል የሚመለሰው በምዝገባውና በማብራሪያው ነው። ከሁለት ነገር ልጀምር።

የ15% ድርሻው መጀመሪያውኑ በፌር ቫልዩ የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ። ከ20% በታች መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ቦርድ ውስጥ ወንበር ካላችሁ ወይም ፖሊሲው ላይ ድምፃችሁ የሚሰማ ከሆነ ጉልህ ተጽዕኖ ሊባል ይችላል፤ ያኔ ጉዳዩ ወደ አይኤኤስ 28 (ጉልህ ተጽዕኖ ያለበትን ድርሻ ወደሚመለከተው ስታንዳርድ) ይሄዳል። ይህን ሳያዩ ቀመር የሠራውን ሁሉ መሥራት ድካም ነው። በፌር ቫልዩ ከሆነ ለውጡ ወደ ትርፍና ኪሳራ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ኦሲአይን መርጣችሁ ከሆነ ምርጫው አይሻርም፣ ሲሸጥም ትርፉ ወደ ትርፍና ኪሳራ አይመለስም።

የቦንዱ ግን ይመለሳል። እሱ ላይ የማየው ስህተት የብድር ኪሳራ መጠባበቂያውን ከፌር ቫልዩው ላይ መቀነስ ነው። የቦንዱ አሞርታይዝድ ዋጋ (ከተገዛበት ዋጋ ተነሥቶ በወለድ ስሌት የሚቀጥለው) 1,000,000፣ ፌር ቫልዩው 950,263፣ የሚጠበቀው የብድር ኪሳራ 6,000 ቢሆን መዝገብ ላይ የሚቀመጠው 950,263 ነው፤ 944,263 አይደለም። ገበያው የብድር ስጋቱን ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ አስገብቶታል። 6,000ው በትርፍና ኪሳራ ይመዘገባል፤ ሌላኛው ወገኑ ኦሲአይ ነው። ስለዚህ ከ49,737 ቅናሽ ውስጥ 6,000 በትርፍና ኪሳራ፣ 43,737 በኦሲአይ ይታያል።

ወደ ማብራሪያው። የደረጃ ሠንጠረዡን ሁሉም ይሠራዋል፤ የሚጎድለው ሁልጊዜ ደረጃ 3 ላይ ነው። «በዲስካውንትድ ካሽ ፍሎው (የወደፊት ገንዘብን ወደ ዛሬ ዋጋ በመመለስ) ተለክቷል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ለ15%ቱ የሚከተለው መጻፍ አለበት፦ ዘዴው የአቻ ኩባንያዎች ማባዣ መሆኑ፣ ገበያ ላይ የማይታየው ጉልህ ግብዓት ቅናሹ መሆኑ፣ መጠኑ 20% መሆኑ፣ ቅናሹ ሲጨምር ዋጋው እንደሚወርድ፣ ዋጋውን ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚያጸድቅ። የፋይናንስ ሀብት ስለሆነ አሳማኝ በሆነ ሌላ ግምት ዋጋው በጉልህ የሚለወጥ ከሆነ ውጤቱ በቁጥር ይገለጻል። ቅናሹ 25% ቢሆን ማባዣው 5.625፣ ዋጋው 7.82 ሚሊዮን፤ 15% ቢሆን ማባዣው 6.375፣ ዋጋው 9.28 ሚሊዮን። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስቀምጡ። አምስት ነጥብ ለምን እንደተመረጠም ምክንያት ይኑራችሁ፤ አንዱ ጥሩ ምክንያት በአቻዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያስታርቀው የደረጃ 3 ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፣ በሚሊዮን (ግዢው፣ ወደ ደረጃ 3 የገባውና ሽያጩ ለምሳሌ ያህል ናቸው)፦

የዓመቱ መነሻ፦ 9.00
ግዢ፦ 3.20
ወደ ደረጃ 3 የገባ፦ 1.80
ሽያጭ፦ (1.10)
በትርፍና ኪሳራ የተመዘገበ ኪሳራ፦ (0.45)
የዓመቱ መድረሻ፦ 12.45

በኦሲአይ የተመዘገበ ካለ የራሱ መስመር ይኖረዋል። ከሥሩ አንድ ተጨማሪ መስመር ይገባል፤ ከ0.45ቱ ውስጥ በዓመቱ መጨረሻ ገና በእጅ ካሉ ሀብቶች የመጣው ስንት ነው? ይህ መስመር በጣም ይረሳል። 12.45ቱ ከደረጃ ሠንጠረዡ የደረጃ 3 አምድ ጋር እኩል መሆኑን ሳታዩ አትላኩ። ዝውውሩ መቼ እንደተደረገ የሚቆጠርበት ፖሊሲም ይጻፋል፤ ክስተቱ በደረሰበት ቀን፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወይም በመጨረሻው ሊሆን ይችላል፤ ሲገባም ሲወጣም ያው አንዱ ነው። ሚዛን ያነሳው የ1.5 ነጥብ ግምት ዘንድሮ ከተጨመረ ቦንዱ የሚገባው በዚህ መስመር ነው።

ዘዴ ከቀየራችሁ፣ ለምሳሌ ከዲስካውንትድ ካሽ ፍሎው ወደ ማባዣ ከሄዳችሁ፣ የግምት ለውጥ ነው፤ የአምናው ሂሳብ አይከለስም። ለውጡና ምክንያቱ ግን ማብራሪያው ላይ ይነገራል።

በአሞርታይዝድ ዋጋ የያዛችኋቸው ብድሮችና ቦንዶችም ካሉ ፌር ቫልዩአቸውና ደረጃቸው በማብራሪያ ይገለጻል። የመዝገብ ዋጋቸው ከፌር ቫልዩ የማይርቅ፣ ለምሳሌ የአጭር ጊዜ ተሰብሳቢዎች፣ ነፃ ይሆናሉ።

መዝጊያ31

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፤ ድርብ ቅናሹና የብድር መጠባበቂያው ፋይላችን ውስጥ በትክክል የነበሩ ስህተቶች ናቸው። ቦርድ ውስጥ ወንበር የለንም፤ ለውጡ ወደ ትርፍና ኪሳራ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሂሳቡ የሚጸድቀው በማርች መጨረሻ ነው። በፌብሩዋሪ ሁለት ነገር መጣ። የአክሲዮን ገበያው በ12% ወረደ። ያልተመዘገበው ኩባንያ ደግሞ የዲሴምበር 31 ሂሳቡን ዘግቶ ላከልን፤ ኢቢትዳው 13 ሳይሆን 12.4 ሚሊዮን ነው፣ የተጣራ ዕዳው 21 እንደሆነ ነው። ሁለቱንም እናስተካክል?

ሚዛን

ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። የገበያው መውረድ በዲሴምበር 31 ያልነበረ ሁኔታ ነው፤ በአይኤኤስ 10 ከመዝጊያው ቀን በኋላ የመጣ የፌር ቫልዩ ቅናሽ ሂሳቡን አያስተካክልም። አክሲዮኑ በ122 ወይም በ125 ይቆያል፤ ቅናሹ ጉልህ ከሆነ ምን እንደደረሰና ውጤቱ በግምት ስንት እንደሆነ በማብራሪያ ይገለጻል። የአቻዎቹም ማባዣ የዲሴምበር 31ዱ ነው፤ የፌብሩዋሪውን አታስገቡ።

ኢቢትዳው ግን ያን ቀን የነበረውን እውነት ነው የሚናገረው። ሊፈተሽ የሚገባው በዲሴምበር 31 ገዢ ቢሆን መደበኛውን ማጣራት አድርጎ ይህን ሊያውቅ ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው። የ11 ወር ሪፖርቱ ቅናሹን አስቀድሞ የሚያሳይ ከነበረ አዎ፤ ይስተካከላል። ቅናሹ የመጣው ማንም ሊገምተው ከማይችል የመዝጊያ ማስተካከያ ከሆነ ግን ሌላ ክርክር ነው፤ ስለዚህ ወርኃዊ ሪፖርቶቹን ጠይቁና ከፋይሉ ጋር አያይዙ።

ቀመር

ከተስተካከለ፦ 6.0 × 12.4 = 74.4፣ ሲቀነስ 21 = 53.4፣ 15%ቱ 8.01 ሚሊዮን። ኪሳራው ከ0.45 ወደ 0.99 ይሄዳል። ዶሴ ያስቀመጣቸውን ሁለት ቁጥሮችም ቀይሩ፤ በ25% ቅናሽ 7.31፣ በ15% ቅናሽ 8.71 ሚሊዮን ይሆናሉ። የማስታረቂያው ሠንጠረዥ መድረሻም በ0.54 ይወርዳል፤ 11.91።

ግዢውን ካሊብሬት ያደረጋችሁበት 12 ሚሊዮንም በዚሁ ዓይን ይታይ። የዚያን ጊዜው ኢቢትዳ ያልተዘጋ ሂሳብ ከነበረና በኋላ ከተለወጠ፣ የተዘጋውን ቁጥር አትመልሱበት፤ 20%ው መሠራት ያለበት በግዢው ቀን ገዢና ሻጭ ባዩት ቁጥር ነው።